ፊቱ የማን ነው? የሰሞኑ ጥያቄና መልስ

ባለፈው አንድ ወንድም ጠይቆኝ በሁለት መስመር መልሼ አልፌ ነበር። ሰዎች በኬክ ክሬም፣ በጭቃ፣ በማር፣ በቀለም ተለውሰው ማየት ስሜቴን ይቀሰቅሰዋል፤ አሁን ደግሞ ምስሉን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማሠራት ጀምሬያለሁ፤ ችግር አለው ወይ? ነበር ያለኝ። እኔም «ማንንም ካልነካህ የለውም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የመጣልኝ መልእክት ብዙ ነው። ያፈረ አለ፣ የተቆጣ አለ፣ ያለቀሰች አለች። «ማንንም ካልነካህ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ሳልናገር ማለፍ አልነበረብኝም። ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ሰው የሚያስለየውን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር ስም አለው? ወይስ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ?

ስም አለው፣ ብቻህንም አይደለህም። በእንግሊዝኛ «ዌት ኤንድ ሜሲ» ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት «ዋም»። የረጠበና የተጨማለቀ እንደማለት ነው። እንግሊዝ አገር «ስፕሎሽ» የሚባል ለዚሁ ብቻ የሚታተም መጽሔት በ1989 ተጀምሮ ነበር። ኤአይ የመጣው ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የታክስ ወረቀት ስፈልግ የባለቤቴ ላፕቶፕ ውስጥ አንድ ፎልደር አገኘሁ። በኤአይ የተሠሩ ሴቶች ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ቬሎ ለብሰው ቸኮሌት ይፈስባቸዋል። አንዷም ራቁቷን አይደለችም። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረናል፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ታሟል? ወይስ እኔ አስጠልቼው ነው?

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። አላስጠላሽውም። እንዲህ ዓይነቱ ዝንባሌ ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና ወይም ከዚያም በፊት ጀምሮ ከሰው ጋር የሚያድግ ነው። አንቺን ከማግኘቱ በፊት የነበረ፣ ሲያገባሽም ይዞት የመጣ፣ ላንቺ መናገር ደግሞ ያቃተው ነገር ሊሆን ይችላል። ስላረጀሽ ወይም ስለወፈርሽ የመጣ አይደለም።

ታሟል ላልሽው፣ መውደዱ ብቻውን በሽታ አይባልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 ሲታደስ ለየት ያለ የወሲብ ፍላጎትንና የወሲብ ሕመምን ለይቶ አስቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ «ፌቲሽ» የሚሉትን፣ ለአንድ የተለየ ነገር የሚቀሰቀስ የወሲብ ስሜትን፣ ብቻውን እንደ በሽታ አልመዘገበም። ሕመም የሚባለው ሰውየውን ራሱን ሲያሠቃየው፣ ኑሮውን ሲያበላሽበት፣ ወይም ፈቃዱን ያልሰጠ ሌላ ሰው ሲነካበት ነው።

ስለዚህ ባለቤትሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። እዚያ ውስጥ የማውቃት ሴት ፊት አለ ወይ? ስንት ሰዓት ይወስድብሃል? ለመጀመሪያው «የለም» ካለሽ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእንቅልፉና ከሥራው የማይነጥቀው ከሆነ፣ በእጅሽ ያለው የባልሽ ምሥጢር እንጂ የትዳርሽ መፍረስ አይደለም። «ይሄ ቆሻሻ ምንድነው» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲያ ካልሽው ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ለመክፈት ሌላ ዘጠኝ ዓመት ይፈጅብሻል። ላፕቶፑን ይዘሽ ወደ እናቱም ወደ ሽማግሌም አትሂጂ። ይህ የሁለታችሁ ነው፣ ቡና ተፈልቶ የሚወራ አይደለም።

አንቺ ደግሞ ቬሎሽን አውጥተሽ ቸኮሌት እንዲፈስብሽ አትገደጂም። ካልፈለግሽ «አልፈልግም» በቂ ነው። ሞክሬ ልየው ካልሽም ነውር የለበትም። ወሬው ወደ ጠብ ከሄደባችሁ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ላይ የሠለጠኑ አማካሪዎች አሉ፤ «አሴክት» የተባለው ማኅበር የምስክር ወረቀት የሰጣቸውን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቴክኒክ ነው የምጠይቀው። በኤአይ ሳሠራ ክሬሙ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ማሩ ከልብሱ ጋር ይዋሃዳል፣ እጅ ክሬም ውስጥ ሲገባ ጣቱ ስድስት ሆኖ ይወጣል። በአማርኛ ስጽፍለት ደግሞ ጭራሽ አይገባውም።

ማሽኑ ማር ምን እንደሆነ አያውቅም። ቀምሶት አያውቅም፣ ጣቱ ላይ ተጣብቆበት አያውቅም። የሚያውቀው ከሥሩ መግለጫ የተጻፈባቸውን እጅግ ብዙ ፎቶዎች ብቻ ነው። ሲሠራ የሚነሣው ድሮ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲዘጋ ይመጣ ከነበረው ጥቁርና ነጭ ፍንጥቅጣቂ ነው። ያንን ደረጃ በደረጃ እያጠራ አንተ ወደጻፍከው ቃል ያስጠጋዋል። ንጹሕ ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ፎቶ አለው። ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ በእርጎ የተለወሰ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከማስታወቂያ የለመደውን የሚያብለጨልጭ ክሬም ያመጣልሃል። ክብደት ያለው ነገር ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ጨርቅ ሲርስ እንደሚከብድ አያሰላም።

«ብዙ ክሬም» ብቻ አትበለው። ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚወርድ፣ ልብሱ ጥጥ ይሁን ሐር፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጻፍለት። የተበላሸ እጅ ካለ ምስሉን በሙሉ አትጣለው፤ ያንን ቦታ ብቻ አስምረህ እንደገና አሠራው። ቋንቋውን በተመለከተ፣ በ2022 የወጣው ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው ምስል ሠሪ ኤአይ ጽሑፍ የሚያነብበት ክፍል የተማረው በእንግሊዝኛ መግለጫ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል «ጭቃ» ብለህ ብትጽፍለት ፊደሉን ቆራርጦ ትርጉም ያሳጣዋል። ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ግን አማርኛህን ይረዱታል። የሰው መልክ ስጠው እንጂ የሰው ፎቶ አትስጠው። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ቀጥሎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የፕሮፋይል ፎቶዋን ለኤአይ ሰጥቼው ጭቃ ውስጥ የወደቀች አድርጎ ሠራልኝ። ከዚያ ደጋገምኩት። ልብሷን አላወለቅኩም። ለማንም አላሳየሁም። ለራሴ ብቻ ነው። ማን ተጎዳ?

ወንድሜ፣ ሰርዘው። ምክንያቱን አስረዳሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሰርዘውና ተመለስ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ቢሮ ውስጥ የልደት በዓል ላይ ነበርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደተለመደው ሻማው ከጠፋ በኋላ ኬኩን ፊቷ ላይ ሊለጥፉባት ተዘጋጁ። ልጅቷ ገብቷታል። መነጽሯን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ለጓደኛዋ አቀበለች። «ጸጉሬን ብቻ አደራ!» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ፊቷን ራሷ ወደ ፊት አቀረበች። ክሬሙ ሲያርፍባት ሁላችንም ሳቅን፣ ከሁላችን አስበልጣ የሳቀችው እሷ ናት። ሽፋሽፍቷ ላይ የቀረውን ጓደኛዋ በሶፍት ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችላት። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «እኔን ተዉኝ፣ አልወድም» ሲል ተውት። አንድም ሰው አልነካውም።

አንተ ባሠራኸው ምስል ውስጥ ግን ያቺ የሥራ ባልደረባህ መነጽሯን አላወለቀችም። ዓይኗን አልጨፈነችም። «ጸጉሬን አደራ» የምትልበት ጊዜ አልተሰጣትም። ጭቃው ውስጥ መሆኗን ራሱ አታውቅም። ጭቃው አንድ ነው፣ ልዩነቱ እሷ አለመጠየቋ ነው።

«ልብሷን አላወለቅኩም» ትለኛለህ። እስቲ እንደ ሰው እንነጋገር። ላንተ ስሜትህን የሚቀሰቅሰው ጭቃው ነው፣ ልብስ መውለቁ አይደለም። ለሌላ ሰው ራቁት ማለት ምን እንደሆነ፣ ላንተ ጭቃ ማለት እሱ ነው። ይህን ታውቃለህ፣ ስለምታውቅም ነው ምስሉን የደበቅኸው። ስለዚህ «ጭቃ ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ እሷ በማታውቀው ቋንቋ አዋርደሃት «ምንም አላልኩሽም» እንደማለት ነው።

ይህ ያንተ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልዘበዝብም ነበር። በ2025 አጋማሽ ላይ በኤክስ (በድሮው ትዊተር) ገጽ ሰዎች ሴቶች ከለጠፉት ፎቶ ሥር እየገቡ ግሮክ የተባለውን ኤአይ «ፊቷ ላይ ሙጫ አፍስስባት» ይሉት ነበር። ይሠራላቸውም ነበር። ምን ለማስመሰል እንደሆነ ማንም ያየ ሰው ይገባዋል። ማጣሪያው ግን የሚፈልገው ራቁትነትን ነበር፣ ሙጫ ደግሞ ራቁት አይደለም። በ2026 መጀመሪያ ነገሩ ብሶ ልብስ ወደማስወለቅ ሲሄድ ነው ዓለም የጮኸው፤ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያም ያኔ ግሮክን ለጊዜው ዘጉት። ሙጫ ሲፈስባቸው የከረሙት ሴቶች ግን ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ውርደታቸውን ፊታቸው ያውቀዋል፣ ማሽኑ ግን አልቆጠረውም። «ልብስ አለ፣ ስለዚህ ደህና ነው» ያልከኝ አንተም የምትለካው በዚያው ማሽን ልክ ነው።

«ለማንም አላሳየሁም» ላልከው፣ አሳይተሃል። ፎቶዋን የሰጠኸው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ሄዷል። ስልክህ ከክላውድ ጋር የተያያዘ ከሆነ እዚያም ቅጂ አለ። ስልክህ ታክሲ ውስጥ ቢቀር፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ፎቶ ልታሳይ ጋለሪህን ስትከፍት ጣትህ አንድ ጊዜ ቢንሸራተት፣ የእሷ ስም ነው የሚጠፋው። ሰው «ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ነው» ከማለቱ በፊት «ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው» ነው የሚለው። አገራችንን ታውቃታለህ።

ደግሞም ሰኞ ጠዋት ታገኛታለህ። «እንዴት አደርክ» ትልሃለች። አንተ የምታያት ግን ጭቃ ውስጥ ነው። ይህ የሚጎዳው እሷን ብቻ አይደለም። አንድን ሰው በአካል እያገኘኸው በአካል ማየት ሲያቅትህ አንተም የሆነ ነገር ጎድሎብሃል።

ምስሎቹን ከጋለሪህ፣ ከተጣሉ ፋይሎች ማስቀመጫው፣ ከክላውዱ፣ ከኤአዩም የንግግር ታሪክ ውስጥ አጥፋ። ለእሷ ሄደህ አትናዘዝ። ለማንም ካልደረሰ፣ መናዘዝህ ላንተ እፎይታ ነው፣ ለእሷ ግን ፍርሃት። ለአንድ ሰው እንኳ ልከህ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የማወቅ መብት አላት፣ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊትም ከአንተ መስማት አለባት። ከአሁን በኋላ ምናብህን የምታጫውት ከሆነ ማንንም በማይመስል ፊት ይሁን። «እገሊትን የምትመስል» ብለህም አትጻፍ። ከ20 የማይበልጡ ፎቶዎች ሰጥተው የአንድን ሰው ፊት ለማሽኑ የሚያስተምሩበት ዘዴ እንዳለም ሰምተህ ይሆናል። አትንካው። ያ ከተሠራ ፊቷ እንደ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክ ፋይል ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ብዬህም እጅህ እምቢ ካለህ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግር።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ፣ ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ፣ ቲክቶክ ላይም አሳያለሁ። አንድ ሰው ሽርጥ ለብሼ የቆምኩበትን ወስዶ ከራሴ እስከ እግሬ ክሬም የተቀባሁ አድርጎ በኤአይ ሠራው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጥፏል፣ ሥሩ የተጻፈው አስተያየት ለመንገር ያሳፍራል። ወንድሜ «ልብስሽን ለብሰሻል፣ ምን አስለቀሰሽ» ይለኛል። ፖሊስ ጋ ምን ብዬ ልሂድ?

እህቴ፣ ያስለቀሰሽ ነገር ትክክለኛ ነው። ከላይ ለዚያ ወንድም የጻፍኩትን ለወንድምሽ አንብቢለት።

ፖሊስ ጋ ስትሄጂ «ራቁቴን አድርገውኛል» ማለት አያስፈልግሽም። «ክብሬንና ስሜን የሚያጎድፍ ምስል በኮምፒዩተር ተሰራጭቶብኛል» በይ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይኸኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 13ን ጥቀሺ። የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍም ሆነ ምስል ማሰራጨት እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ያስከትላል። አንድ ነገር ግን እወቂ። የሚያስቀጣው ተበዳይ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። አንቺ ካልሄድሽ ማንም አይሄድልሽም። በምስሉ እያስፈራራ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር የጠየቀሽ ካለ ደግሞ ያንን ለይተሽ ተናገሪ፤ ማስፈራራት ራሱን ችሎ ከበድ ያለ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሕግ ከሌሎቹ ላንቺ ይሻልሻል፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አሜሪካ በግንቦት 2025 ያወጣችው ሕግ በኤአይ የተሠራንም ጨምሮ ያለ ፈቃድ የወጣ የገላ ምስልን ድርጅቶች ከተነገራቸው በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ያዝዛል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚለካው ግን በተገለጠ ገላና በወሲብ ድርጊት ነው። በ2021 የተጀመረው «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለው አገልግሎትም ምስሉ ከስልክሽ ሳይወጣ አሻራውን (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ወስዶ ድርጅቶች እንዲያግዱት ያደርጋል፤ እሱም የተዘጋጀው ለራቁት ወይም ለወሲባዊ ምስል ነው። ሽርጥሽን እንደለበስሽ ክሬም የፈሰሰብሽ አንቺ በሁለቱም መካከል ልትወድቂ ትችያለሽ። የእኛ አዋጅ የሚጠይቀው ክብርሽ ተጎድቷል ወይ ብሎ ነው። አዎ፣ ተጎድቷል።

ዛሬውኑ፣ ግሩፑ ሳይጠፋ፣ ስክሪን ሾት ያዢ። የግሩፑ ስም፣ የለጠፈው ሰው መጠሪያ፣ ቀኑ፣ ሊንኩ ይታይ። አስተያየቶቹንም አንሺ፣ ብታፍሪም አንሺ። ምስሉ ለምን እንደተሠራ የሚመሰክሩልሽ እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ፖሊሱ የሚያየው ክሬም የነካት ሴት ብቻ ነው፣ ሊስቅም ይችላል። የመጀመሪያውን ያልተነካ ቪዲዮሽን ጎን ለጎን አሳዪው። ብቻሽን አትሂጂ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሕግ ባለሙያ አነጋግሪ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፣ እባክሽን አድርጊው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አቤቱታሽ በትክክለኛው ቃል ከተጻፈ ጣቢያ ላይ የሚያስቆምሽ ሰው ያንሳል።

ቪዲዮዎችሽን ማንሳት ካልፈለግሽ አታንሺ። እንጀራሽ ነው። ጥፋቱ የካሜራሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሹፌር ነኝ። ስልኬ ላይ እንዲህ ዓይነት የኤአይ ምስሎች አሉ። በቪፒኤን ነው የምሠራው፣ ማንም አያየኝም አይደል?

ዛሬ አጥፋቸው። ቪፒኤን መንገድህን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ስልክህ ውስጥ የተቀመጠውን አይሸፍንም። በሳዑዲ የ2007 የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ የሕዝብን ሞራል ወይም ሃይማኖታዊ እሴትን የሚነካ ነገር ማዘጋጀትና መላክ ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥም ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ ሦስት ሚሊዮን ሪያል ይደርሳል። «ራቁት አይደለም» ብለህ እዚያ አትከራከርም። ቤተሰብ ካንተ ብር ይጠብቃል፣ ለዚህ ብለህ አትታሰር።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው። ማታ እጀምራለሁ፣ ቀና ስል ሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል። በአንድ ሌሊት 300 ምስል ያሠራሁበት ጊዜ አለ። ስምንት ወር ሆነኝ። በጾም ልተወው ምዬ ሦስት ቀን አልሞላሁም። መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ጠበል ልግባ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ሁለት ነገር አደባልቀሃል፣ እንለያየው። አንዱ የምትወደው ነገር ነው። ሌላው ሌሊቱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌሊቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የወሲብ ባሕርይ የሚለው ሕመም አለ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሰውየው ደጋግሞ ሊያቆም ሞክሮ ያልቻለው፣ ሥራውንና ጤናውን እያስጣለው የሄደ ሲሆን ነው። እዚያው ላይ የተጻፈ አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ጭንቀቱ የመጣው «ኃጢአት ነው» ወይም «ነውር ነው» ከሚል ብቻ ከሆነ፣ ያ ብቻውን ሕመም ተብሎ አይመዘገብም። ብዙ ሰው በወር አንዴ አይቶ በጸጸት ሲንገበገብ «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ይጽፍልኛል። አንተ ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለህም። ስምንት ወር፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ፣ ሌሊቱ 10 ሰዓት። ይሄ ጸጸት ብቻ አይደለም።

ለምን ማቆም እንዳቃተህም ልንገርህ። ድሮ ፎቶ ፈልጎ ማግኘት ነበር፣ ያለው ያልቃል። ይሄ ማሽን ግን አያልቅም። አንድ ዓይነት ቃል ጽፈህ አሥር ጊዜ ብትጫን አሥር የተለያየ ነገር ያወጣል። ዘጠኙ ልክ አይመጣም፣ አንዱ ሊቀርብ ይላል፣ ከዚያ «የሚቀጥለው ነው» ትላለህ። ቁማር ቤት የተቀመጠ ሰው እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ከ300ው ምስል ስንቱን ተመልሰህ አየኸው? እገምታለሁ፣ አንዱንም።

የምትከፍልበትን አቋርጥ። ስልክህን ሳሎን ቻርጅ አድርገህ መኝታ ክፍልህ ያለ እሱ ግባ፤ ለማንቂያ የተለመደውን ደወል ሰዓት ግዛ። ጠበል መግባት ከፈለግህ ግባ። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው፣ ከዚህ የባሰ ሰምተዋል። ግን ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልህም፣ ሐኪሙም ጠበሉን። ሐኪም ጋ ደግሞ መሄድ አለብህ። «እስቲ አየዋለሁ» አትበለኝ፣ በዚህ ሳምንት ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ ሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ማቆም ያቃተኝ ነገር አለ፣ ሥራዬን ላጣ ነው» ብለህ ጀምር። ዝርዝሩን በመጀመሪያው ቀን ማውራት የለብህም። ከዚህ ጀርባ ድብርት ካለ እሱም ይታከማል፣ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። ከሐኪም ስትመለስ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ በእህል መጫወት ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ማርና ዱቄት ከማባክን በኤአይ ማየቱ አይሻልም?

በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። የወደቀች እንጀራ አንስቶ ጥግ በሚያስቀምጥ ቤት ያደገ ሰው ማር ሲደፋ ቢያመው ትክክል ነው። ከባልሽ ጋር በእውን መሞከር ካሰባችሁ ደግሞ ጭቃም፣ ለገላ የሚሆን ቀለምም አለ፤ እህል መንካት ግድ አይደለም። ዓይንና ብልት አካባቢ ስኳር ያለበትን ነገር አታድርጉ፣ ያሳክካል፣ ኢንፌክሽንም ያመጣል።

ጥያቄ፦ ለኤአይ የምጽፈውን ኩባንያው ያየዋል?

ሊያየው ይችላል፣ እንደሚያየው ቆጥረህ ጻፍ። በራስህ ኮምፒዩተር ላይ የምታሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የጻፍከውን ትእዛዝ በሙሉ ምስሉ ፋይል ውስጥ ደብቀው ያስቀምጣሉ፤ ምስሉን ለሰው ስትልክ ቃልህም አብሮ ሊሄድ ይችላል።